የሚኩማ ክርክር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሚኩማ የተባለችው የጃፓን ከባድ ክሩዘር፣ ትልቅ የጦር መርከብ፣ ለምን እንደ ሰጠመች ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ታላቁ ጆሃንስበርግ፣ ታናሹ አዲስ አበባ ይኖሩ ነበር። ታናሹን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን ከታላቁ ስልክ ውስጥ ደጋግሜ ስለ ሰማሁ፣ ሲስቁ ትንፋሻቸው እንዴት እንደሚቆራረጥ እንኳ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ያ ክርክር እንዴት እንዳበቃና በፍጻሜው ውስጥ የእኔ ድርሻ ምን እንደ ነበረ ለመናገር ነው።

ጋሼ የምላቸው ታላቁ ወንድም በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ የሞተር ክፍል ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸውም እዚያው፣ በሌላ ጀልባ ላይ ያገለግሉ ነበር። አገራችን ባሕሯንም ባሕር ኃይሏንም ስታጣ ጋሼ በየመን በኩል ወጡ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላ ሰፊ ወንዝ እንኳ ወደሌላት ወደዚች ከተማ መጡ። አሌክሳንድራ ውስጥ ሃያ ዓመት ፍሪጅ ጠገኑ። ደንበኞቻቸው «ምኩሉ» ይሏቸው ነበር፤ አያት እንደ ማለት ነው። ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀው ኬንሲንግተን ኮረብታ ላይ ከአንድ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ብቻቸውን መኖር ጀመሩ። ግራ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው እንፋሎት አቃጥሎት ስለ ነበር በቀኙ ብቻ ያዩ ነበር፤ እሱንም ባለፉት ዓመታት ሞራ እየጋረደው ሄዶ ነበር።

እኔ ሳንድተን ውስጥ በአንድ የመድን መሥሪያ ቤት የአደጋ ሪፖርት መርማሪ ነኝ። አንድ ነገር ሲቃጠል ወይም ሲፈርስ ጥፋቱ ከዕቃው አሠራር ይሁን ከሰው አያያዝ እለያለሁ። ጋሼ ይህን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሰሙ ክንዴን ያዙኝ።

«በል ና፤ አንድ ያልተዘጋ ፋይል አለኝ» አሉኝ።

ፋይሉ ሚኩማ ነበረች፤ ስሜም «ዳኛው» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሄድ ነበር። ስለ እርሷና በአንድ ንድፍ ስለ ተሠሩት ሦስት እኅቶቿ የተጻፈ አንድ ዳጎስ ያለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ቤት አግኝቼ ነበርና፣ በዓይኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአፌ አማርኛውን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው የአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እጆቻቸውን በጉልበቶቻቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

መርከቧን የወለዳት ውል ነበር። በዚያን ዘመን ታላላቆቹ የባሕር መንግሥታት የጦር መርከቦቻቸውን ብዛት፣ ክብደትና የመድፎቻቸውን መጠን የሚወስን ስምምነት ተፈራርመው ነበር፤ ጃፓን የተፈቀደላትን የከባድ ክሩዘር ቁጥር ስለ ጨረሰች መሐንዲሶቿ በወረቀት ላይ ቀላል የሆነች፣ በጉልበት ግን ከከባዶቹ የማታንስ መርከብ እንዲነድፉ ታዘዙ። ክብደቷ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ቶን ነው ተባለ። በዚያ ላይ አሥራ አምስት መድፎችን በአምስት ማማዎች ደረደሩባት። ክብደት ለመቆጠብ ብረቱን ከመቸንከር ይልቅ በየዱት። ከአራቱ እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ሞጋሚ መድፎቿን ስትሞክር የገዛ ራሷ ተኩስ ብየዳዋን አላቀቀው፤ ከባድ ማዕበል የእኅትማማቾቹን አካል አጣመመው። ወደ መሥሪያ ቦታቸው መልሰው አጠናከሯቸው፤ እንዳይገለበጡ በጎንና በጎናቸው ተጨማሪ የብረት ሆድ ለጠፉባቸው። ውሉ ሲያበቃ ደግሞ ትንንሾቹን መድፎች ነቅለው በአሥር ትልልቅ መድፎች ተኳቸው። ያን ጊዜ የታወጀው ክብደትና እውነተኛው ክብደት ከቶ አይተዋወቁም ነበር።

«አየህ» ይሉኝ ነበር ጋሼ፣ «ገና ስትነደፍ ውሸት ተጭኖባታል። ብረት ደግሞ አይዋሽም፤ ከተጫነበት ይጎብጣል።»

ክርክሩ ግን በዚህ ላይ አልነበረም። ሚኩማ ጦርነቱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ወራት ድል ብቻ ነበር የምታውቀው። ወታደር የጫኑ መርከቦችን አጅባ ወደ ደቡብ ወረደች፤ በጃቫና በሱማትራ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር በተደረገው ውጊያ ከእኅቷ ጋር ሆና ሁለት የጠላት ክሩዘሮችን አሰጠመች። ከዚያ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ በሚድዌይ ደሴት ዙሪያ የተደረገው ውጊያ መጣ። ዋናው ውጊያ በጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መጥፋት ካበቃ በኋላ አራቱ እኅትማማቾች በጨለማ ወደ ኋላ እንዲመለሱ ታዘዙ። በመንገድ ላይ አንድ ሰርጓጅ መርከብ ታየ፤ ሁሉም በድንገት እንዲዞሩ ትእዛዝ ወጣ፤ በዚያ ግርግር ሞጋሚ በአፍንጫዋ መጥታ ሚኩማን ጎኗ ላይ ወጋቻት። የሞጋሚ አፍንጫ ተጨፈለቀ። የሚኩማ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ተቀዶ ዘይቷ ባሕሩ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ሆኖ ተከተላት። ሌሎቹ ሁለቱ ፈጥነው ሄዱ። ሚኩማ ግን መሮጥ ስትችል ፍጥነቷን ቀንሳ ከወጋቻት ከእኅቷ ጎን ቀረች። የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሲመጡ ሁለቱንም አገኟቸው። ሞጋሚ በአንድ መኮንኗ ግፊት ቶርፔዶዎቿን፣ በውሃ ውስጥ ተወንጭፈው መርከብ የሚመቱ ፈንጂዎቿን፣ ሁሉ አስቀድማ ወደ ባሕር ጥላ ነበርና ቆሳስላ ተረፈች። የሚኩማ ቶርፔዶዎች ግን ከወገቧ ላይ ነበሩ፤ በንጹሕ ኦክስጅን የሚሠሩ፣ የሌላ አገር መርከብ ያልነበረው መሣሪያ፤ እሳት ሲደርስባቸው ፈንድተው ከውስጥ ቀደዷት።

ጋሼ «የገደላት ንድፏ ነው» ይላሉ። ወንድማቸው «የገደላት አለመሄዷ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ይኸው ነው። ይህም መርከቢቱን በፍጹም ያላየ ሰው ለሠላሳ ዓመት የሚከራከርበት ጉዳይ ያልመሰለኝ ብዙ ጊዜ ነበር።

ወንድማቸው በድምፅ መልእክት ነበር የሚመልሱት፤ እኔ ባለሁበት እንዲሰማ ጋሼ ስልካቸውን ጮክ ያደርጉታል።

«ወንድምዓለም» ይላል ያ የሚቆራረጥ ሳቅ፣ «አንተ አሁንም ሰው የሞተበትን ነገር በብሎን ትቆጥራለህ? ተወው እስቲ! ብትሮጥ ኖሮ ማን ይደርስባት ነበር? ቶርፔዶው ምን አደረገ?»

«ግትር!» ይላሉ ጋሼ ለእኔ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግትር ነው። ጻፍ፤ ማለቴ ያዝልኝ ስልኩን፤ አሁን አሳየዋለሁ።»

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ የጋሼ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠ፤ ሰኞ። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት የዕድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ጄፒ ጎዳና ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «የጋሼ ወንድም አርፈዋል። ሐሙስ ዕለት፣ በድንገት። ትናንት ተቀብረዋል። ልጃቸው ናት የደወለችልኝ።»

«አሁኑኑ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«የት ነው የምትሄደው? ሰኞ ዓይናቸውን ሊከፈቱ! ያለቻቸው አንዲት ዓይን ናት፤ በእንባ ልታፈርጣት ነው? ሐኪሙ ለአንድ ወር ጥንቃቄ ብሏል። ወሩ ሲሞላ፣ ሁሉም ሱቁን በሚዘጋበት እሑድ፣ በሥርዓቱ ሄደን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ አንተ እንደ ወትሮህ ሂድ። ብትቀር ይጠረጥራሉ።»

«እትዬ፣ እኔ መዋሸት አልችልበትም።»

«አውቃለሁ፤ ፊትህ ክፍት ደብዳቤ ነው። ደግነቱ ዓይናቸው ይሸፈናል።»

በሥርዓታችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው በገበያ፣ በሥራ፣ በመንገድ ላይ እያለ ሐዘን አይጣልበትም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ የሚደግፉት ሰዎች ይሰበሰቡለታል፣ በማለዳ ከቤቱ ይደረስለታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ርኅራኄ እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ አምን ነበር። ከርኅራኄው ጎን አንድ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳለበት ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ጋሼ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ መሸፈኛ ተለጥፎ፣ ከወትሮው ይልቅ ደስ ብሏቸው አገኘኋቸው። ድምፄን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ አየር ዘረጉ።

«ዳኛው መጣህ? እንግዲህ አሁን ዓይኔም አንተ፣ እጄም አንተ ነህ። መጀመሪያ ስልኩን ያዝልኝ። ያ ግትር ወንድሜ ዓይኔ እንዴት እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።»

ስልኩን ያዝኩ። በዚያ ዓይነቱ መልእክት፣ ሰውየው ሲናገር ምልክቱን በጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጣት ሲነሣ ይላካል፤ ወደ ጎን ሲጎተት ይጠፋል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድምዓለም፣ እንደ ቆርቆሮ ታሽጌ ተቀምጫለሁ። ደኅና ነኝ፤ አታስብ። አሁን ስማኝ። ሚኩማ ሃያ አራት ቶርፔዶ እንድትሸከም ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሃያ አራት! በወገቧ ላይ፣ ያለ አንዳች የብረት ጋሻ። ያቺ አፍንጫዋ የተሰበረው ጥላቸው ዳነች፤ ያንተዋ ጀግና ታቅፋቸው ነደደች። ሁለቱም ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ ልዩነቱ ቶርፔዶው ብቻ ነው። በል መልስ!»

ጣቴ ምልክቱ ላይ ነበር። ወደ ጎን ብጎትተው ድምፃቸውን እኔ አጠፋሁት ማለት ነው፤ ባነሣው ወደ ሞተ ሰው ላክሁት ማለት ነው። ሁለቱን አመዛዘንኩ ብል እዋሻለሁ። እጄ ደክሞት ተነሣ።

«ሄደ?» አሉ።

«ሄደ፣ ጋሼ።»

ሰኞ ዕለት የሟቹ ልጅ ቁጥሬን ከእትዬ ተቀብላ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የአባቷ ስልክ እሷ ዘንድ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አታጥፋቸው እንጂ፣ ላክልኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ሲወጣ አዳመጥኩት። አጎቴ አባቴን ሲሰድበው መስማት ምን ያህል እንደ ናፈቀኝ አታውቅም። መልስ መስጠት ብቻ ነው ያልቻልኩት።»

ስለዚህ ላክሁ። በየሳምንቱ ጋሼ ተናገሩ፤ በየሳምንቱ ጣቴን አነሣሁ። መልስ ሲጠፋ «እዚያ ኔትወርክ አስቸግሯል ይላሉ» አልኳቸው። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ ቀላሉና ከባዱ እሱ ነው፤ ማንም ሰው ያለ ጥያቄ የሚቀበለው ነውና።

ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት ይስቁ ነበር። «ኔትወርክ ነው? ተወኝ! መልስ አጥቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሃያ አራት ስለው አፉ ተዘጋ። አሸነፍኩት በለኛ!»

«ያሸነፉ ይመስላል» አልኩ። እጃቸውን በደስታ አፋተጉ።

ከሕክምናው በኋላ አሥራ አንድ ቀን ሲሆን ለቁጥጥር ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሲያያቸው እኔ ኮሪደር ላይ ከነርሷ ጋር ቆሜ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምጠይቅ አስመስዬ፣ በዚህ ወቅት በሽተኛው ቢያለቅስ ምን እንደሚሆን ጠየቅኋት። በመገረም አየችኝ። እንባ ምንም አይጎዳም አለችኝ፤ የተከለከለው ማሸትና ቆሻሻ ውሃ ማስገባት ነው፤ ሰው ቢያለቅስ ያልቅስ፣ ብቻ በእጁ አይነካው።

ከመኪና ማቆሚያው ሆኜ ለእትዬ ደወልኩ። የደስታ ዜና የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

«ነርሷ የእኛን ለቅሶ የት ታውቀዋለች?» አሉ። «እነሱ በመሐረብ ጫፍ ጠረግ አድርገው ይነሣሉ። የእኛ ሰው ፊቱን ይዞ፣ ደረቱን መትቶ ነው የሚያለቅሰው። ጋሼ ወንድማቸውን ዓይናቸውን ሳይነኩ ሊያለቅሱ ነው? ቀኑ ተቆርጧል። ሰዉም ተነግሮታል። አንተ ብቻህን ተነሥተህ ብትነግራቸውና አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይጠየቃል?»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን እናገር ዘንድ፣ ያሸነፈኝ ክርክራቸው አልነበረም፤ «ማን ይጠየቃል» የሚለው ቃል ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥፋት የማን እንደ ሆነ ስመረምር የምውል ሰው ነኝ፤ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዳይጻፍ ፈራሁ። ጋሼ ከክሊኒኩ በር ላይ ቆመው በባዶ እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ «ዳኛው፣ የት ነህ?» ሲሉ ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እስከ ቤታቸው ድረስም ስለ አየሩ አወራኋቸው።

በአራተኛው ቅዳሜ መጽሐፉ ከመርከቢቱ መስጠም በኋላ ወደ ሆነው ነገር ደረሰ። ገጹን አስቀድሜ ስላየሁት ልዘለው እችል ነበር። ከዚያ ወር ውስጥ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ሳላጎድል አደረግሁ፤ አነበብኩት። የጃፓን ባሕር ኃይል የሚድዌይን ሽንፈት ለሕዝቡ አልተናገረም። የቆሰሉት ከሰው ተለይተው ተኙ፤ የተረፉት ቤተሰባቸውን እንዳያገኙ ተደረገ። ሚኩማ ከባሕር በታች ሆና ሁለት ወር ያህል ስሟ በባሕር ኃይሉ መዝገብ ላይ እንደ ደኅና መርከብ ቆየ።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መሸፈኛው ተነሥቶላቸው ነበር፤ ማንበብ ግን መነጽራቸው እስኪሠራ አልተፈቀደላቸውም። ያች አዲስ ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ከሩቅ የሚታየውን ቢጫ የማዕድን አፈር ክምር ታይ ነበር።

«የመርከበኞቹ ሚስቶች በዚያ ሁለት ወር ደብዳቤ ይጽፉ ነበር?» አሉኝ።

«መጽሐፉ አይልም፣ ጋሼ።»

«ይጽፉ ነበር እንጂ። እኛም ምጽዋ እያለን ይጻፍልን ነበር። ልጁ ጥርስ አወጣ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ የላክኸው ደረሰን እያሉ። ደብዳቤው ወደቡ ላይ ካለ አንድ ጸሐፊ እጅ ይገባል። ጸሐፊው መርከቢቱ እንደሌለች ያውቃል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙታኑስ ዐረፉ። የዚያን ጸሐፊ ሥራ ለጠላቴም አይስጠው።»

አፌን ከፍቼ ነበር። እስከ ዛሬ ምን ልል እንደ ነበር አውቃለሁ። ውጭ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጋሼ «በል ቀጥል» አሉኝ፤ ቀጠልኩ።

መርዶው ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ጋሼ አይስቁም ነበር። መጽሐፉን እንዳልከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ኔትወርክ አይደለም» አሉ። «ተቀይሞኛል። አምስት ሳምንት! ሃያ አራት፣ ሃያ አራት እያልኩ ጨቀጨቅሁት። ነገሩ የመርከብ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያዝልኝ ስልኩን።»

ያዝኩ። ይህ መልእክት እንደ ቀድሞዎቹ በድንፋታ አልጀመረም።

«ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ። ስማኝማ። ከምጽዋ ስንወጣ የእኔ ጀልባ ደኅና ነበረች፤ ያንተ ተመትታለች። ሂድ አልከኝ። ሰዎች ከታች አሉ፣ ትቻቸው አልወጣም አልክ። እኔ ሄድኩ። አንተ ተያዝክ፤ ሁለት ዓመት ታሰርክ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ለምን ሄድክ ብለኸኝ አታውቅም፤ ሚኩማን ብቻ አነሣህብኝ። እኔ ደግሞ ንድፏ ነው፣ ንድፏ ነው አልኩ። ንድፏ ከሆነ የቀረውም የሄደውም እኩል ነዋ! ሠላሳ ዓመት በዚህ ተደበቅሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ትክክል ነህ። መሮጥ ትችል ነበር፤ አልሮጠችም። እኔ ሮጥኩ። ይቅር በለኝ። በል አሁን እንኳ አንድ ነገር በል።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ላከው» አሉ።

ጣቴን አነሣሁ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰባት ሆነን በጓሮው በር ገባን። የጆሃንስበርግ ብርዳማ ክረምት ነበር፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጋሼ በሩን ከፈቱ። ለአንድ ወር ሲጠበቅላት የቆየችው ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ እየዞረች ሁላችንንም አየች፤ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማን ነው?» አሉ።

«ወንድምዎ» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይጽኑ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። እትዬ የፈሩት አልሆነም። እጆቻቸው በጉልበቶቻቸው ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ሐኪሙ አትንኩ ስላላቸው በዚያች ሰዓት እንኳ አልነኩም። እንባው በጉንጮቻቸው ወርዶ ሸሚዛቸውን አራሰው። ያን ያህል ጸጥ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

«መቼ?» አሉ በመጨረሻ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ባለፈው ሳምንት» አሉ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ወር ሙሉ እንደ ደበቅናቸው ቢያውቁ ይጎዳሉ ተብሎ የተስማማንበት ነበር።

ጋሼ በጣቶቻቸው ቀን ቆጠሩ። ከዚያ በእንባቸው መካከል ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ።

«እንግዲያ አርባው ገና ነው» አሉ። «ሄጄ አርባውን እደርስለታለሁ። መልእክቶቼንም ሰምቷቸዋል ማለት ነው፤ የትናንቱ ብቻ ነው ያለፈው። የቀሩትን ሰምቷል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይደል፣ ዳኛው?»

ክፍሉ በሙሉ እኔን ያይ ነበር። አዎ ብል የሚያጽናናቸው አንድ ነገር ይኖራቸዋል፤ ግን በተሳሳተ ቀን የወንድማቸውን አርባ ያወጣሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱም ሁሉም ነገር አልቆ ያገኙታል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አላሰብኩትም። የትናንቱ ድምፃቸው ብቻ ነበር ጆሮዬ ውስጥ የነበረው።

«አንዱንም አልሰሙም፣ ጋሼ» አልኩ። «ያረፉት ሰኞ ዓይንዎን ከመታከምዎ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። አርባቸው ነገ ነው።»

«ምን ነካህ አንተ!» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

ጋሼ አልጮኹም። ወደ ተቀመጥኩባት ወንበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደምቀመጥባት ወንበር አዩ።

«አንተ እዚህ ነበርክ» አሉ።

«አዎ።»

«ስልኩን የያዝክልኝ አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ትናንትም።»

«ትናንትም።»

ሌላ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። የነርሷን ነገር፣ የልጅቱን ነገር፣ መልእክቶቹ ለእሷ እንደ ደረሱ፣ ሁሉንም ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እትዬ ዞረው ቄሱን አሁን ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ፣ ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቁ። ድምፃቸው የሞተር ክፍል ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር፤ ጊዜ የለም፣ የሚሠራ ሥራ አለ የሚል። እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ስልካቸውን አወጡ።

አርባው በትክክለኛው ቀን ወጣ። ሰኞ ስለ ነበር ሰው ብዙ አልመጣም፤ ሱቁን የሚይዝለት ያጣው ቀረ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር አጠገብ ቆመው የመጣውን ሁሉ በየተራ ጨበጡ፤ ለእያንዳንዱም ሐዘንተኛ የሚለውን አሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዙ፤ ለሌላው ሰው ከያዙት ረዘም አላደረጉም፣ አላሳጠሩምም። ያች ዓይናቸው ጥርት ብላ አየችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችኋል» አሉኝ።

ከእኔ ኋላ ወደ ቆመው ሰው ዞሩ።